የባሌዋ የሌሊት ወፍ ሶፍ ዑመር አትኖርም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ባሌ ተራሮች እንስሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ደስ ብሎኝ፣ አንዴ ደሜ ፈልቶ። ደስ ያለኝ፣ ስለ ባሌ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቀይ ቀበሮና ደጋ አጋዘን ላይ ተተክሎ ሲቀር፣ እናንተ ለሌሊት ወፍ ግማሽ ገጽ በመስጠታችሁ ነው። ደሜን ያፈላው ከጎኑ ያወጣችሁት ካርታ ነው።

ካርታው ላይ ባሌ በሙሉ ቀይ ተቀብቷል። ከዲንሾ እስከ ጊኒር፣ ከጎባ እስከ ደሎ መና፣ ሁሉም አንድ ቀለም። ከስሩ ባለ ረጅም ጆሮዋ የባሌ የሌሊት ወፍ የምትገኝበት አካባቢ ይላል። ጽሑፉ ደግሞ በሶፍ ዑመር ዋሻ በብዛት ትኖራለች ብሎ ይዘጋል። ፎቶውማ ጭራሽ ሌላ ነው። ያወጣችሁት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው። ፊቱ እንደ ቡችላ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ጆሮው ትንሽ። ስሟ ባለ ረጅም ጆሮ የሆነችን እንስሳ፣ ጆሮ በሌለው ፎቶ ማውጣት ትንሽ አይከብድም?

ማን ነኝ ብዬ ነው ይህን የምለው? ሳይንቲስት አይደለሁም። ሾፌር ነበርኩ። መጀመሪያ አይሱዙ ላይ እህል ጭኜ፣ በኋላ ደግሞ ላንድክሩዘር ይዤ ለተመራማሪዎችና ለመሥሪያ ቤቶች የመስክ ሥራ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከጎባ ደሎ መና ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደሄድኩት ቆጥሬ አላውቅም። ጉድጓዱን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። የሌሊት ወፍ ነገር ውስጥ የገባሁትም በዚሁ መንገድ ነው።

መንገዱን ልንገራችሁ፤ ካርታችሁ የሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ከጎባ ደሎ መና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጎባ ራሷ ከባህር ወለል በላይ 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጠዋት ስትነሳ ጋቢ ያስፈልግሃል። ከከተማው ወጥተህ ሽቅብ ስትጀምር ጽድና ኮሶ ታያለህ። ከዚያ ዛፉ እያጠረ ይሄዳል፤ አስታ ይቀራል። አስታውም እያጠረ ሄዶ ጉልበትህ ላይ ሲደርስ ሳኔቲ ላይ ወጥተሃል። ሳኔቲ ከ4000 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው። በስተቀኝ የቱሉ ዲምቱ ተራራ፣ 4377 ሜትር። እዚያ ላይ ዛፍ የሚባል የለም። ጅብራ ብቻ እንደ ሰው ቆሞ ያይሃል። ቀይ ቀበሮው አይጥ እያደነ መንገድ ያቋርጣል። ሞተሩ ይታፈናል፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የነበረው መኪና ሁለተኛ ይለምንሃል።

አንድ ታኅሣሥ ላይ መኪናው ተበላሽቶብኝ ሳኔቲ ላይ አድሬያለሁ። በጄሪካን የያዝኩት ውሃ በረዶ ሆኖ አደረ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ያን ሌሊት እንኳን የሌሊት ወፍ፣ እኔም በሕይወት መኖሬ ገርሞኛል።

ከዚያ ሳኔቲ ድንገት ያልቃል። ያልቃል ስል በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ነው። ጫፉ ላይ ቆመህ ወደ ደቡብ ስታይ ከስርህ ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ሥር የሀረና ጫካ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጆሮህ ጧ ይላል። እንደገና አስታ ይመጣል፤ ይኸኛው ግን እርጥብ ነው፣ ግንዱ ሁሉ በሽበት የተሸፈነ። ቀጥሎ ሪራ የምትባለው መንደር አለች። ከሪራ በታች ትልቁ ጫካ ይጀምራል። ኮሶው፣ አምጃው፣ ገተሙ። አንዳንዱ ኮሶ ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር አለ። ሌላ ትንሽ ስትወርድ ቀርከሃ። ከዚያ የዱር ቡና። ከዚያ ጃኬትህን ታወልቃለህ፤ ግራር ይመጣል፤ ደሎ መና ደርሰሃል፤ 1300 ሜትር ገደማ፤ ሙቀቱ ሸሚዝህን ገላህ ላይ ይለጥፈዋል።

ግማሽ ቀን ነው። በግማሽ ቀን ከበረዶ ወደ ቆላ። ተመራማሪዎቹ እንደነገሩኝ 1000 ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ዲግሪውን አልለካሁም፤ በጃኬቴ ነው የማውቀው። እና እናንተ ይህን ሁሉ አንድ ቀለም ቀባችሁት!

አሁን ወደ እሷ ልምጣ።

አንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሦስት ልጆችን ይዤ ሀረና ወረድኩ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። የሌሊት ወፍ ሊይዙ ነው ሲሉኝ ሳቅኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሌሊት ወፍ ፀጉር ላይ ከተጣበቀች በምላጭ ካልሆነ አትለቅም ትለን ነበር። ደግሞ ያች ተረት አለች። ወፎች ግብር ሲጠይቋት ጥርሷን እያሳየች እኔ አይጥ ነኝ ያለችው፤ አይጦች ሲጠይቋት ክንፏን ዘርግታ እኔ ወፍ ነኝ ያለችው። እኛ ሾፌሮች ትራፊክ ሲያስቆመን የምናደርገው ነገር ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልፈረድኩባትም።

ከሪራ በታች፣ ጫካው ትንሽ የሚከፈትበት ቦታ ላይ መረብ ዘረጉ። መረቡ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ቀን እንኳ ካልጠቆሙህ አታየውም። ሁለት ዘንግ መሀል፣ በአንዲት ቀጭን ውሃ ላይ ወጠሩት። ከዚያ መጠበቅ። ጉሙ ወረደ። ብርዱ እግር እግር ይበላል። አንድ ራዲዮ የመሰለች መሣሪያ ነበረቻቸው፤ የሌሊት ወፍ የምታሰማውን የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ቲክ ቲክ ትቀይራለች። አንዳንዱ ዓይነት ገና ከሩቅ ሲመጣ መሣሪያዋ እንደ እብድ ትንጣጣለች። ልጅቷ ግን፣

«ጋሼ፣ እኛ የምንፈልጋት እንዲህ አትጮህም» አለችኝ። «ሹክሹክ ነው የምትለው። አጠገባችን ካልደረሰች መሣሪያው አይሰማትም።»

«ታዲያ ሹክ እያለች እንዴት ታድናለች?» አልኳት።

«በጆሮዋ ነዋ! ቅጠል ላይ የተቀመጠች የእሳት እራት ክንፏን ስታንቀሳቅስ ትሰማታለች። እያንዣበበች መጥታ ከቅጠሉ ላይ ትለቅማታለች።»

ይህን ስትነግረኝ የእሳት እራት ክንፍ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ አስቤ እንደማላውቅ ገባኝ። የሌሎቹ ጩኸት የሚረዝመው ክፍት ቦታ ላይ ስለሚያድኑ ነው አለችኝ። ይቺ ቅጠል መሀል ነው ሥራዋ። ቅጠል መሀል መጮህ ደግሞ፣ የእሳት እራቷን ሂጂ ብሎ እንደመንገር ነው። ብዙ የእሳት እራቶች የሌሊት ወፍን ድምፅ ይሰማሉ፤ ሲሰሙ ዝርግፍ ብለው ይወድቃሉ። ልብ በሉልኝ፤ ጆሮዋ የረዘመው ለጌጥ አይደለም። ለጫካ ነው። ይህን ሳትይዙ ነው ዛፍ የሌለበትንም ሁሉ ቀይ የቀባችሁት።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል መረቡ ነቃ አለ።

«ጋሼ፣ ባትሪውን ይያዙልኝ!»

ያዝኩላት። ጓንት አድርጋ ቀስ እያለች ከመረቡ ፈታቻት። መጀመሪያ ሳየው ጆሮ የለም። የበግ ቀንድ የመሰለ ነገር ብቻ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ይታያል። ከፊቱ ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ ትንንሽ ሹል ነገሮች። እነዚህ ናቸው ጆሮዎቿ? ብዬ ልጠይቅ ስል፣ ጥቅልሉ ቀስ እያለ ተፈታ። እንደ አዲስ የእንሰት ቅጠል። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ ጆሮው አላልቅ አለኝ! አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ገላዋ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥ። ባትሪውን ከኋላ ሳበራው ቆዳው ብርሃን አሳለፈ፤ ደም ሥሩ እንደ ቡና ቅጠል ሥር ተዘርግቶ ታየኝ። ጀርባዋ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዷ ነጣ ያለ። በጨርቅ ከረጢት ሚዛን ላይ አንጠለጠሏት፤ 10 ግራም አልሞላችም። ሁለት ማንኪያ ስኳር ማለት ናት።

ለካ ሲበርዳትና ስታርፍ ጆሮዋን ትጠቀልለዋለች። ያን የሚያህል ቀጭን ቆዳ ዘርግቶ በዚያ ብርድ ማደር ሙቀትን በነፃ መስጠት ነው። የቀሩት ሁለት ሹል ነገሮች የጆሮዋ ፊት ያሉ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው፤ ዋናው ሲታጠፍ እነሱ ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ብርዱ ሲብስም እንደ ሞተ ሰው ገላዋን አቀዝቅዛ፣ ትንፋሿን ቀንሳ መዋል ትችላለች። እኔ ሳኔቲ ላይ ያን ሌሊት ይህን ባውቅበት ኖሮ!

መዝግበው ለቀቋት። የልጅቷ እጅ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ሞቃት፣ ከዚያ ጠፋች። ድምፅ የለ፣ ምን የለ።

በማግስቱ ልጅቷ አንድ የፈረሰ የከብት ጠባቂ ጎጆ አሳየችኝ። ጣሪያው ግማሽ አለ። ከአንዱ ወራጅ በታች መሬቱ ላይ የእሳት እራት ክንፍ ተከምሯል። ገላ የለም፤ ክንፍ ብቻ። ቡናማ፣ ግራጫ፣ አንዱ ዓይን የመሰለ ነጥብ ያለው። እነዚህ ጆሮ ረጅሞች ያደኑትን ይዘው ወደሚወዱት ቦታ ይመጣሉ፤ ተንጠልጥለው ገላውን በልተው ክንፉን ይጥሉታል። የምግብ ቤት ጓሮ በሉት። አንዱን ክንፍ መንጃ ፈቃዴ ውስጥ አስቀመጥኩት። አሁንም አለ፤ ግማሹ ዱቄት ሆኗል።

ስለ ስሟ ጥቂት ልበል፤ እናንተም ዘላችሁታልና። ከኢትዮጵያ ደጋ ተይዘው በየሙዚየሙ የተቀመጡ ባለ ረጅም ጆሮ የሌሊት ወፎች ድሮ የአውሮፓ ዘመዳቸው ዓይነት ተብለው ነበር የሚቆጠሩት። ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን የጻፉት ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሰርጌይ ክሩስኮፕና ሊዮኒድ ላቭሬንቼንኮ። እ.ኤ.አ. በ2000። የሀረናን ናሙና ይዘው ፕሌኮቱስ ባሌንሲስ አሏት። የባሌዋ ማለት ነው። አንድ ጎባ የኖረ ሰው በላቲን የአገሩን ስም ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው እናንተ አዲስ አበቤዎች አይገባችሁም።

እ.ኤ.አ. 2000 በኛ 1992 ነው። 1992 ሲባል ባሌ ውስጥ ያለ ሰው ስለ የሌሊት ወፍ አያስብም። እሳቱን ነው የሚያስበው። የካቲት ላይ የተነሳው እሳት የባሌንና የቦረናን ጫካ ለሳምንታት በላው። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ቅጠል ይዞ ወጣ። ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር እሳት አጥፊዎች መጡ። እኔ ያኔ ገና አይሱዙ ላይ ነበርኩ፤ ዳቦና ውሃ አመላልስ ነበር። ጭሱ ቀኑን አጨልሞት በመብራት ነው የነዳሁት። ፀሐይ እንደ ብርቱካን ሆና ትታያለች። በዚያው ዓመት አንድ ሰው ሞስኮ ውስጥ ተቀምጦ የዚያን ጫካ ነዋሪ ስም እየሰጠ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ መረቡ ሥር ቆሜ ነው። ልጅቷ ዓመቱን ስትነግረኝ ዝም አልኩ።

ወደ ካርታው ልመለስ።

ሶፍ ዑመር ድንቅ ቦታ ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ፤ የወይብ ወንዝ በውስጡ አልፎ ይሄዳል። የሌሊት ወፍም ሞልቶታል፤ ገብቶ ጭንቅላቱ ላይ ጠብ ያላለበት የለም። ግን ሶፍ ዑመር ከጎባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከፍታውም እንደ ደሎ መና 1300 ሜትር ቢሆን ነው። ቆላ ነው። እዚያ ያሉት የቆላ የሌሊት ወፎች ናቸው። የጻፈው ልጅ ባሌ፣ የሌሊት ወፍ፣ ዋሻ፤ ሦስቱን ደምሮ አንድ አደረጋቸው። የሌሊት ወፍ ሁሉ አንድ ይመስለዋል ማለት ነው። እሱ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ70 በላይ ዓይነት የሌሊት ወፍ አለ፤ እኛ ግን ለሁሉም አንድ ስም ነው ያለን። በኦሮምኛም ሲምቢራ ሀልከኒ ነው፤ ያው የሌሊት ወፍ። ደም ይመጥጣሉ የሚለውንም ጽሑፋችሁ ሳያስተባብል አልፎታል። ደም የሚልሱት ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ላቲን አሜሪካ ነው ያሉት። ባሌ ድረስ አይመጡም፣ አትስጉ።

ታዲያ የእሷ ቦታ የት ነው? ከታች ቆላው አይሆናትም። ከላይ ሳኔቲ አይሆናትም፤ ቅጠል ከሌለ ከምን ላይ ትለቅማለች? የሚቀረው መሀሉ ነው። ኮሶው፣ አምጃው፣ አስታው ያለበት። እርጥብ የደጋ ጫካ። ተራራውን ዞሮ የሚሄድ መቀነት በሉት። ካርታ ላይ ስታዩት ቀጭን ነው። አንዳንድ ቦታ መኪናዬ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታልፈዋለች።

በባሌ ብቻ ትወሰናለች ማለቴ አይደለም፤ ስሟ የባሌ ቢሆንም ዘርዋ የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ግን ደጋ ስንል አንድ ሙሉ ሜዳ አድርገን እናስባለን። አይደለም። የኛ ደጋ እንደ ጣና ደሴቶች ነው። ከአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው መሬት 80 በመቶ ያህሉ እኛ ጋ ነው ይባላል፤ ግን በየቦታው ተቆራርጦ ነው የተቀመጠው። መሀሉን ስምጥ ሸለቆ ሰንጥቆታል። ዝዋይን ዞር ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከወዲያ ማዶም ከወዲህ ማዶም ተራራ ይታያል፤ መሀሉ ግን ግራርና ሙቀት ነው። ለ10 ግራም ፍጥረት ያ ባሕር ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጀምጀም ጫካ ውስጥ የተገኘች ሌላ የደጋችን የሌሊት ወፍም አለች። እ.ኤ.አ. በ1927 ነው ስም የወጣላት፤ ናሙናዋን በሰበሰበው በስኮት ስም። እሷም ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ይህን የምለው፣ ተራራ ላይ የሚኖር ነገር አድራሻው የዞን ስም አለመሆኑን ለማሳየት ነው። አድራሻው ከፍታና ዛፍ ነው።

መቀነቱ ደግሞ እየጠበበ ነው። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ማንም አልነገረኝም። መጀመሪያ ወደ ሪራ ስወርድ ቤቶቹን መቁጠር ይቻል ነበር። አሁን ተዉት። ከታች ቡናውና እርሻው ይወጣል። ከላይ አስታው በየበጋው ይቃጠላል፤ እረኛው ለከብቱ አዲስ ሳር እንዲበቅል ይለኩሰዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከብቱን ወዴት ይውሰድ? እኔም ልጅ ሆኜ አድርጌዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ጫካው ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሄደው ያረጀው ዛፍ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነው ኮሶ። ደርቋል፣ አይጠቅምም ይባልና ለማገዶ ይወርዳል። እነዚህ ጆሮ ረጅሞች ደግሞ ጫካ ያለበት አገር ሁሉ ያረጀ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ መዋል የታወቀ ጠባያቸው ነው። በዓመት የሚወልዱትም አንድ ብቻ ነው። አይጥ ቢሆኑ ኖሮ እኔም አልጨነቅም ነበር።

ሪራ ላይ አንድ ማር ቆራጭ ሽማግሌ አውቃለሁ። ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራው። ቀፎውን ከትልልቅ ኮሶዎች ላይ ይሰቅላል። አንድ ጊዜ ስለ ባለ ረጅም ጆሮዋ ስጠይቀው ሁለት ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ እንደ ጥንቸል። ከዚያ ወደ ኋላ አጠፋቸው። ተመራማሪ ሳይመጣ ያውቃታል ማለት ነው! አንድ ባዶ ኮሶ አሳየኝ፤ አባቱም ያንን ዛፍ አልቆረጠም፣ እሱም አልቆረጠም።

«ለምን?» አልኩት።

«ማር ስቆርጥ ጭስ ወደዚያ ከሄደ ይወጣሉ። ሲወጡ እኔም እደነግጣለሁ፣ እነሱም ይደነግጣሉ። ቢቀር ይሻላል።»

ፓርኩ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ጎባ ላይ እልል ብለናል። ቱሪስቱ ይመጣል፤ ሳኔቲ ላይ ቀይ ቀበሮ ፎቶ ያነሳል፤ በዚያው ይመለሳል። ሀረና የሚወርደው ጥቂት ነው። ማታ ሀረና የሚያመሸው ደግሞ ጭራሽ የለም። የእናንተን ካርታ ያየ ቱሪስት ሶፍ ዑመር ሄዶ ይፈልጋታል። የእናንተን ካርታ ያየ ባለሥልጣን ደግሞ «ባሌ ሙሉ ነች፣ ምን ይጎድላታል?» ይላል። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። አንድ ኮሶ ሲወድቅ ሙሉ ቀይ በተቀባ ካርታ ላይ ምንም አይታይም። መቀነቱ ላይ ቢሆን ግን ቀዳዳ ነው።

ደግሞ ሙቀቱ እየጨመረ ነው ይባላል፤ ጎባ ላይ እኔም ጋቢዬን ሳላወርድ የምውልበት ቀን እያነሰ ነው። ሲሞቅ የደጋ ፍጥረት ወደ ላይ ይሸሻል አሉ። እሺ፣ ይሽሽ። ከአስታው በላይ ግን ጅብራ ብቻ ነው ያለው። ወዴት?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ካርታውን አስተካክላችሁ አውጡት። ከታች ያለውን ቆላ አውጡ፤ ከላይ ሳኔቲን አውጡ። የሚቀረው ቀጭን ቢመስላችሁም አታስፉት፤ ልክ ነው። ሶፍ ዑመርን ለራሱ የሌሊት ወፎች ተዉለት፤ ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ ብትጽፉ አነባለሁ። ፎቶውን ለውጡ። ለጻፈውም ልጅ አልተቆጣሁትም በሉት። ወደዚህ ከመጣ መኪና ባይኖረኝም መንገዱን አሳየዋለሁ፤ ወፍራም ካልሲ ይዞ ይምጣ።

የታረመው ሲወጣ ሁለት ቅጂ ላኩልኝ። አንዱ ለእኔ ነው። ሁለተኛውን ሪራ ለሚወርድ አውቶቡስ እሰጠዋለሁ፤ የሽማግሌው ዓይን ቢደክምም የልጅ ልጁ ታነብለታለች። ካርታውንማ ራሱ ያየዋል፤ የእሱ ኮሶ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቱ ሲያሳያት ይታየኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የመስክ ሾፌር፣ ከባሌ ጎባ